ሸክላና የኤልጋር ኮንሰርቶ

«በቃል ያለ ይረሳል፤ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ይባላል። ይህ አባባል ለታሪክና ለሕግ ፍጹም እውነት ነው፤ ለሙዚቃ ግን ግማሽ እውነት ብቻ ነው። ሙዚቃ በወረቀት ላይ በምልክት ቢጻፍም፥ የሚጫወተው ሰው እስኪመጣ ድረስ ዝም ብሎ ይቀመጣል። ተጫዋቹ ሳይዘጋጅ ከቀረበ ደግሞ ጉዳቱ ለደራሲው ይተርፋል። እንግዲህ ሙዚቃን ለትውልድ በማውረስ ረገድ የሸክላ ድርሻ ምን እንደ ሆነ፥ በአንድ የእንግሊዝ ደራሲ ሥራ አማካይነት ለመመልከት እሞክራለሁ። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሰር ኤድዋርድ ኤልጋር በ1857 በዉስተር ከተማ አጠገብ ተወለዱ። አባታቸው ፒያኖ የሚቃኙና የሙዚቃ ዕቃ የሚነግዱ ሰው ነበሩ፤ ልጃቸውን ወደ ጀርመን አገር ልከው ሙዚቃ ለማስተማር ግን አቅም አልነበራቸውም። ስለዚህ ኤልጋር አብዛኛውን ዕውቀታቸውን ያገኙት በራሳቸው ጥረት ነው።

የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሲያበቃ ዕድሜያቸው ከስድሳ ዓመት አልፎ ነበር። በ1918 እና በ1919 አብዛኛውን ጊዜ በሰሴክስ ገጠር በሚገኝ አነስተኛ ቤት ተቀምጠው አራት ሥራዎች ጻፉ። ሦስቱ ለጥቂት ተጫዋቾች የተደረሱ ናቸው፤ እነርሱም የቫዮሊን ሶናታ፥ የባለ አውታር መሣሪያዎች ኳርቴትና የፒያኖ ክዊንቴት ናቸው። አራተኛው ለአንድ ቼሎና ለኦርኬስትራ የተጻፈው ኮንሰርቶ ነው። ቼሎ ማለት ተጫዋቹ ተቀምጦ በጉልበቶቹ መካከል የሚይዘው፥ ድምፁ ከቫዮሊን የወፈረ መሣሪያ ነው።

ይህ ኮንሰርቶ በመጀመሪያ የተሰማው ኦክቶበር 27 ቀን 1919 በሎንዶን በኩዊንስ ሆል ነው። የሎንዶን ሲምፎኒ ኦርኬስትራን ኤልጋር ራሳቸው መሩ፤ ቼሎውን ፌሊክስ ሳልመንድ ተጫወተ። ነገር ግን የቀረውን የምሽቱን ሙዚቃ የሚመሩት አልበርት ኮትስ ለኤልጋር ከተመደበው የልምምድ ሰዓት ብዙውን ወሰዱባቸው። ኤልጋር ሥራቸውን ከዝግጅቱ ሊያስወጡ አስበው ነበር፤ ሳልመንድ ብዙ የደከመበት ስለ ሆነ ግን ለእርሱ ሲሉ ተዉት። ኦርኬስትራውም ሳይዘጋጅ ቀረበ፤ ኧርነስት ኒውማን የተባሉት የጋዜጣ ሐያሲም አጨዋወቱን አጥብቀው ነቀፉ። ስለዚህ ኮንሰርቶው ለብዙ ዓመታት የሚገባውን ክብር ሳያገኝ ቀረ። በዚያ ምሽት በኦርኬስትራው ውስጥ ከቼሎ ተጫዋቾች መካከል ጆን ባርቢሮሊ የሚባል የ19 ዓመት ወጣት ነበረ።

ኤልጋር ግን የሸክላን ጥቅም ቀደም ብለው የተረዱ ሰው ነበሩ። ከ1914 ጀምሮ ሥራዎቻቸውን ለሸክላ ይመሩ ነበር። በዚያን ጊዜ ለቀረጻ ማይክሮፎን ስላልነበረ ተጫዋቾቹ መለከት በሚመስል ትልቅ ቀንድ ፊት ተጨናንቀው ይጫወቱ ነበር፤ የድምፁም ኃይል መርፌውን እያንቀጠቀጠ በሰም ላይ ይቀርጽ ነበር። አንዱ የሸክላ ገጽ ከአራት ደቂቃ ብዙም ስለማይበልጥ ረዣዥም ሥራዎች ይቆረጡ ነበር፤ የቼሎው ኮንሰርቶም በመጀመሪያ የተቀረጸው እንዲሁ ተቆርጦ ነው። ከ1925 ወዲህ በማይክሮፎን መቅረጽ ሲጀመር ደካማው ድምፅ እንኳ ይያዝ ጀመር። በ1928 ኤልጋር ከቢያትሪስ ሃሪሰን ጋር ኮንሰርቶውን ሙሉውን አስቀረጹት። በጃንዋሪ 1934፥ ሊሞቱ አንድ ወር ያህል ሲቀራቸው፥ በዉስተር በአልጋ ላይ ሆነው በሎንዶን የሚካሄደውን የአንድ ሥራቸውን ቀረጻ በስልክ መስመር ተከታተሉ።

በ1965 ያ የ19 ዓመት ወጣት ሰር ጆን ባርቢሮሊ ተብሎ የታወቀ የሙዚቃ መሪ ሆኖ ነበር። ያንኑ የሎንዶን ሲምፎኒ ኦርኬስትራ እየመሩ፥ የ20 ዓመቷ ዣክሊን ዱ ፕሬ ቼሎ እየተጫወተች፥ ኮንሰርቶውን አስቀረጹ። በ1919 የተበላሸው ነገር ከ46 ዓመት በኋላ ተቃና ማለት ይቻላል። ሸክላው በብዙ አገሮች ተሰማ፤ ኮንሰርቶውም ዛሬ ለቼሎ ከተጻፉት ሥራዎች ሁሉ እጅግ ከታወቁት አንዱ ነው። ዱ ፕሬ ግን በ1973 ጽኑ የነርቭ በሽታ እንዳለባት ታውቆ መጫወቷን ተወች፤ በ1987 በ42 ዓመቷ ዐረፈች። አጨዋወቷ እስከ ዛሬ የሚሰማው ስለ ተቀረጸ ነው።

«አንድ ሥራ ይህን ያህል ተሳክቶ ከተቀረጸ በኋላ እንደ ገና መቅረጽ ለምን ያስፈልጋል?» የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። መልሱን ከታሪክ ትምህርት እናገኛለን። የታሪክ ጸሐፊ በአንድ ምስክር ብቻ አይፈርድም። ደራሲው ራሳቸው በመሩት በ1928ቱ ሸክላ ሙዚቃው ፈጠን ብሎ ይሄዳል፤ በ1965ቱ ግን ዝግ ብሎ ሐዘኑን ያሰማል። ሁለቱም የአንዱ ድርሰት እውነተኛ ምስክሮች ናቸው። በ2020 ሼኩ ካኔ-ሜሰን የተባለ የ20 ዓመት ወጣት በሳይመን ራትል መሪነት ከዚያው ኦርኬስትራ ጋር የተጫወተው አዲስ ቀረጻ ወጣ፤ ሌላም ምስክር ተጨመረ።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛው፥ መልካም ሥራ በልምምድ ጉድለት ምክንያት መልካምነቱ ሊሰወር እንደሚችል ነው። ሁለተኛው፥ የአንድ ምሽት ፍርድ የመጨረሻ ፍርድ አለመሆኑ ነው። ኤልጋር ኮንሰርቶው እንዲህ ሲከበር ሳያዩ ሞቱ፤ ነገር ግን ሥራውን በወረቀትም በሸክላም ስለ ተዉልን፥ ከእርሳቸው በኋላ የመጡት ወጣቶች ሊያቃኑት ቻሉ።