የማይጠፋው ሰዓት

«ስንት ሰዓት ነው?» በእኛ አገር ጥያቄ ብቻ አይደለም፤ የጨዋታ መክፈቻም ነው። ሻይ ቤት ከማታውቁት ሰው ጎን ተቀምጣችሁ ወሬ ሲያምራችሁ በፖለቲካ አትጀምሩም፤ ሰዓት ትጠይቃላችሁ። ይህ ነገር ሊቀር ነው መሰለኝ። ወልቂጤ መናኸሪያ አካባቢ ካሉት ሻይ ቤቶች በአንዱ አረፍ ብትሉ፣ ከብርጭቆው ጎን የተጋደመው ስልክ ማንም ሳይነካው ሰዓቱን፣ ቀኑንና የቀረውን ቻርጅ በደብዛዛ ብርሃን እያሳየ ያመሻል። ሻጮቹ «ኦልዌይስ ኦን ዲስፕሌይ» ይሉታል። እኔ እንቅልፍ የለሽ ስክሪን ብዬዋለሁ።

ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል የሚለው ክርክር አብዛኛውን ጊዜ ባትሪ ላይ ተጀምሮ እዚያው ባትሪ ላይ ያልቃል። ለእኔ ግን ሌላ ጥያቄም አለበት፤ ሌት ተቀን የሚበራው የማን ሰዓት ነው? እዚያ ለመድረስ ትንሽ ወደኋላ እንሂድ።

የጉራጌ አገር ሰው ሰዓትን ለረጅም ዘመን የሚያውቀው በጋራ ነበር። የቤተክርስቲያን ደወል፣ የመስጊድ አዛን፣ የጥላ ርዝመት፣ የገበያ ቀን። ደወል ለአንድ ሰው አይደወልም፤ የሰማ ሁሉ ይካፈለዋል። በ1950ዎቹ ሕዝቡ በራሱ መዋጮ መንገድ ማሠራት ሲጀምር ደግሞ የአውቶቡስ ጥሩንባ የሚባል ሌላ ሰዓት ተጨመረ። የእጅ ሰዓትም ከዚያው ከአውቶቡሱ ላይ ነው የወረደው ማለት ይቻላል። አዲስ አበባ ሊስትሮ ሆኖ፣ ሱቅ በደረቴ አንጠልጥሎ፣ መርካቶ ሸክም ተሸክሞ የከረመው ልጅ ለመስቀል ወይም ለአረፋ አገሩ ሲገባ የሸሚዙን እጅጌ እስከ ክርኑ ጠቅልሎ ነበር። ሙቀት አይደለም፤ ሴኮው እንዲታይ ነው።

በጨለማ፣ ሳይነኩ፣ ሰዓት የማየት አምሮት ግን ከስልክ በጣም ይቀድማል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ምሽግ ውስጥ ያለ ወታደር ክብሪት ሳይጭር ሰዓቱን ማየት ነበረበት። ስለዚህ የሰዓት ቁጥሮች በራዲየም ቀለም ይቀቡ ጀመር። ይህ ቀለም ቀንም ሌትም ያበራል፤ ማብሪያም ማጥፊያም የለውም። ዋጋውን የከፈሉት አሜሪካ ውስጥ፣ ኒው ጀርሲ፣ ኦሬንጅ በምትባል ከተማ የብሩሹን ጫፍ በከንፈራቸው እያሾሉ ቁጥር ይቀቡ የነበሩ ወጣት ሴቶች ናቸው። መንጋጋቸው እየበሰበሰ፣ አጥንታቸው እየተሰበረ አለቁ። ደፍረው የከሰሱት አምስቱ እ.ኤ.አ. በ1928 በካሳ ተስማሙ።

እ.ኤ.አ. በ1972 ደግሞ ሐሚልተን የተባለው ኩባንያ ፐልሳር የሚባል የኤሌክትሮኒክ ሰዓት ለገበያ አቀረበ። ወርቅ ነው፤ ዋጋው 2,100 ዶላር። የሚያስቀው ግን ሰዓቱን ለማየት ቁልፍ መጫን ማስፈለጉ ነው! ቀያዮቹ መብራቶቹ ባትሪ ስለሚጨርሱ ሁልጊዜ አይበሩም። ባንድ እጁ ዘንቢል የያዘ ሰው ስንት ሰዓት እንደሆነ ለማወቅ ዘንቢሉን ማስቀመጥ ሊኖርበት ነው። በዓመቱ ሴኮ ባለ ፈሳሽ ክሪስታል ሰዓት ይዞ መጣ። ይህኛው ራሱ አያበራም፤ የፀሐዩን ወይም የክፍሉን ብርሃን ተጠቅሞ ቁጥሩን ያሳያል፤ ስለዚህ ባትሪው ሳይጎዳ ቀኑን ሙሉ ይነበባል። ብዙም ሳይቆይ ባለ ቁልፉ ሰዓት ከገበያ ወጣ። በእኛ ዘንድ ተማሪው ሁሉ ያሰራት የነበረችው ጥቁሯ የፕላስቲክ ካሲዮ የዚችኛዋ ዘር ናት።

ሞባይል በ1991 ዓ.ም አዲስ አበባ ገብቶ ከዓመታት በኋላ ወደ ዞን ከተሞች ሲወርድ፣ ብዙ ሰው የያዛት ኖኪያም በዚሁ ዘዴ ነበር የምትሠራው። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣችውን፣ ራሷ ላይ ባትሪ የነበራትን ኖኪያ 1100 አስታውሱ። የስክሪኗ መብራት ቢጠፋም ፀሐይ ላይ ቁጥሯ ይታያል። ቻርጇ ደግሞ ቀናት ይቆያል፤ ገጠር ያለ ሰው በገበያ ቀን ከተማ ወጥቶ፣ በጥቂት ብር ቻርጅ አስደርጎ ይመለስ ነበር። ስለዚህ ሁልጊዜ የሚታይ ሰዓት ድሮም ነበረን፤ ያውም በርካሽ። የነጠቀን ስማርት ስልክ ነው። ባለ ቀለሙ ትልቅ ስክሪን ካልበራ ጥቁር መስታወት ነው፤ እንደ ፐልሳሩ ቁልፍ ተጫኑ ተባልን።

የነጠቀንን ደግሞ መልሶ ሸጠልን። ኖኪያ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2008 እና በ2009 አንዳንድ ስልኮቹ ላይ ሞክሮት ነበር። በ2016 ሳምሰንግ በጋላክሲ ኤስ 7፣ ኤል ጂ በጂ 5 አመጡት። አፕል በ2022 በአይፎን 14 ፕሮ ተከተለ። አብዛኞቹ የሚጠቀሙበት ኦሌድ የሚባለው ስክሪን እያንዳንዷ ነጥብ ለብቻዋ የምትበራበት ነው፤ ጥቁር የሆነው ቦታ በእርግጥም ጠፍቷል፣ የሚበሩት ቁጥሮቹ ብቻ ናቸው። አንድ ቦታ ላይ ብዙ ከቆዩ ስክሪኑ ላይ ጠባሳ ይተዋሉ፤ ለዚህም ነው ቁጥሮቹ በየጊዜው ትንሽ ትንሽ የሚንሸራተቱት።

ጥቅሙን አልክድም። ክትፎ የሚከትፍ ሰው እጁ ቅቤ ነው። ልብስ ሰፊውም እግሩ ፔዳል፣ እጁ ጨርቅ ላይ ነው። የባጃጅ ሹፌሩ ስልኩን ከፊቱ ሰክቶታል፣ አንዴ ገልመጥ ማድረግ ይበቃዋል። ዓይናቸው የደከመ ሽማግሌም ስልኩን ለመክፈት ጣታቸውን አሥር ጊዜ አያሹም።

ባትሪውስ? ኤል ጂ ያኔ በሰዓት 0.8 በመቶ ብቻ ይወስዳል ብሎ ነበር። በ24 ሰዓት ስታባዙት ወደ 19 በመቶ ይጠጋል። ኪስ ውስጥ ሲገባ የሚጠፋው ስልክ ብዙ ስለሆነ እውነተኛው ከዚህ ሊያንስ ይችላል። መብራት ለማይጠፋበት አገር ሰው ይህ ምንም አይደለም። መብራት ጠፍቶ ሲያድር ግን ያቺ ተራፊ ቻርጅ ታማሚ ለማድረስ ባጃጅ የምትጠራበት ናት። ባለ 19 በመቶ ጌጥ ነው እንግዲህ።

ከባትሪው ይልቅ እኔን የሚከነክነኝ የነጋዴው ኪስ ነው። የጉራጌ ነጋዴ ገንዘቡን ሲቆጥር አይታይም ይባላል፤ ለእቁብ ሲቀመጥም የሚያወጣው የዕለቱን መዋጮ ብቻ ነው። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም ከመጣ ወዲህ ግን ብሩ የሚገባው በመልእክት ነው። አንዳንዱ ስልክ የምልክት ስዕል ብቻ ያሳያል፤ አንዳንዱ ግን ካልከለከሉት የላኪውን ስምና የብሩን ልክ ጭምር ጠረጴዛው ላይ ይዘረግፈዋል። አጠገብ የተቀመጠው የእቁብ ሰብሳቢ ሳይፈልግም ያነበዋል። ይህን ማዘጋት የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው፤ የሚያዘጋው ሰው ግን ጥቂት ነው።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ። እኛ ከንጋት ተነስተን እንቆጥራለን፤ ስልኩ ከእኩለ ሌሊት። ስድስት ሰዓት እንለያያለን። የቀጠሮ ወረቀት ላይ «8፡30» ተጽፎ ብታዩ በፈረንጅ አቆጣጠር ጠዋት ቢሮ ሲከፈት ነው፤ በእኛ ከምሳ በኋላ። ሁለቱም የሥራ ሰዓት ስለሆነ ስህተቱን ማንም አይጠረጥርም። ድሮ ስክሪኑ ጨለማ ስለነበር ይህ ጠብ ተሸፍኖ ይኖር ነበር፤ አሁን ግን ሌሊቱን ሙሉ አልጋ ራስጌ ላይ ይበራል። ብዙ ሰው መላ ያለው የስልኩን ሰዓት በእጁ መቀየር ነው። ያኔ ደግሞ የመልእክቱ ሰዓት ይዛባል፣ የማረጋገጫ ኮድ የሚሰጠው መተግበሪያ አልሠራም ይላል።

ዛሬ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን ዋና ከተማ በሆነችው ቡታጅራ አንድ ሞባይል ጠጋኝ የተሻለ መላ ይዟል። አርጀንቲና ከእኛ ልክ ስድስት ሰዓት ወደኋላ ናት። ስለዚህ በሽማግሌዎች ስልክ ላይ ከአዲስ አበባ ሥር የቦነስ አይረስን ሰዓት ይጨምርላቸዋል። እዚያ 3 ሲሆን እዚህ በእኛ አቆጣጠር 3 ነው። የሚገርመው፣ ቀኑም የሚለወጠው እኩለ ሌሊት ላይ ሳይሆን ንጋት 12 ሰዓት ላይ ነው። አንድ አባት ስልካቸውን ተቀብለው፣ ራቅ አድርገው፣ ሁለቱን ቁጥሮች አስተያዩ።

«የታችኛዋ ናት የኛ?»

«አዎ አባባ።»

«እሺ፣ የላይኛዋን አጥፋልኝ» አሉት።