እንደራሴው ለመራጩ የሚመልሰው



የምክር ቤት አባላት ወደ መረጣቸው ሕዝብ ወርደው የሚያደርጉትን ስብሰባ ሁላችንም እናውቀዋለን። «የመራጭ ተመራጭ ውይይት» ይባላል። አዳራሹ ፊት ለፊት መሪ ቃል የተጻፈበት ጨርቅ ይሰቀላል፣ የተሠራው ሥራና የወጡት አዋጆች ይነበባሉ፣ ከዚያ መድረኩ ለጥያቄ ይከፈታል። ሰው መንገድ፣ ውኃ፣ መብራት፣ የወጣት ሥራ ይጠይቃል። ከእኛ ከሴቶቹ አንድ ሁለት እጅ ይወጣል፤ እሱም ብዙውን ጊዜ ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል ነው።

ይህ ስብሰባ ከየት መጣ? ሪፖርቱስ በየዘመኑ ለማን ሲቀርብ ኖረ? እኔ የሒሳብ ሠራተኛ እንጂ የታሪክ ምሁር አይደለሁም። ነገር ግን በሙያችን ሒሳብ የሚወራረደው ገንዘቡን ለሰጠው ክፍል ነው። ውክልናም እንደዚያው ይመስለኛል፤ ማን እንደሰጠው ካወቅን ለማን እንደሚመለስ እናውቃለን።

በድሮው ፓርላማ የሕዝብ ተወካይ «እንደራሴ» ይባል ነበር። ቃሉ ሲፈታ እኔ በሌለሁበት እንደ እኔ ሆኖ የሚቆም ማለት ነው። ይኸው ቃል ግን ንጉሥ በሌለበት እንደ ንጉሥ ሆኖ የሚያዝዘውንም ሰው ይጠራበታል። አንዱ ከታች የተላከ ነው፣ ሌላው ከላይ የተላከ። የይፋት ቆላ ለረጅም ዘመን የሚያውቀው ሁለተኛውን ነው። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ በአንኮበር ሆነው ሸዋን ሲገዙ፣ በ1830ዎቹ ዓ.ም. የእንግሊዝ መልእክተኛ ሆኖ የመጣው ሐሪስ እንደጻፈው፣ የይፋት ገዥ ወላስማ መሐመድ ነበሩ። ማዕረጉ ከመካከለኛው ዘመን የይፋት ሱልጣኖች የወረደ ነው። እኒሁ ሰው የጎንቾን የመንግሥት እስር ቤትም ይጠብቁ ነበር። የቆላውን ሰው ጉዳይ ወደ ንጉሡ የሚያደርሰው የእስር ቤቱን ቁልፍ የያዘው ሰው ነበር ማለት ነው። እንዲህ ባለ ደጃፍ ስንት ሰው አቤት እንዳለ መገመት አያቅትም።

የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. ተፈረመ፤ ፓርላማውም በ1924 ተከፈተ። የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባላትን ንጉሠ ነገሥቱ ይሾሙ ነበር። የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላትን ደግሞ ሕዝቡ ራሱ መምረጥ እስኪችል ድረስ መኳንንቱና የአካባቢ ሹማምንት እንዲመርጡለት ተደነገገ። ስለዚህ ተወካዩ ሪፖርት አለብኝ ቢል እንኳ የሚመልሰው ለመረጠው ሹም ነው።

ለውጡ የመጣው በጥቅምት 24 ቀን 1948 ዓ.ም. በተሻሻለው ሕገ መንግሥት ነው። ዕድሜው 21 ዓመት የሞላ ኢትዮጵያዊ፣ ወንድም ሴትም፣ እንዲመርጥ ተፈቀደ፤ የመጀመሪያው ምርጫም በ1949 ተደረገ። 200,000 ያህል ሕዝብ ያለው አንድ የምርጫ ክልል ሁለት እንደራሴዎች ይልክ ነበር። ለመመረጥ ግን ንብረት ያስፈልጋል፤ 1,000 ብር የሚያወጣ የማይንቀሳቀስ ወይም 2,000 ብር የሚያወጣ የሚንቀሳቀስ። የዚያን ጊዜውን ብር እያሰባችሁ አንብቡት። ጭሰኛ ሆኖ እርሻውን እኩል የሚያካፍል የቆላ ገበሬ ይህን ከየት ያመጣል? ሚስቱማ ጭራሽ አትታሰብም።

በዚያው ምርጫ ግን አንዲት ሴት አልፋለች፤ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ። የከንቲባ ገብሩ ደስታ ልጅ ናቸው። በስዊዘርላንድ ተምረዋል፣ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ተግዘው በአዚናራ ደሴት ታስረዋል፣ ከነፃነት በኋላ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤትን መርተዋል። ከአዲስ አበባ ተመርጠው የመጀመሪያዋ ሴት የፓርላማ አባል ሆኑ፣ የምክር ቤቱ ምክትል ፕሬዚዳንትም ነበሩ። ስማቸውን በትምህርት ቤት ሰምተነው ይሆናል፤ እኔን የሚገርመኝ ቀጥሎ የመጣው ነው። ሴት መምረጥ በጀመረች በሦስተኛው ዓመት፣ በ1952፣ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ወጣ። ሕጉ ባልን የቤተሰቡ ራስ አደረገው። የጋብቻ ዕድሜንም ለወንድ 18፣ ለሴት 15 ብሎ ወሰነ። እናቶቻችን የተዳሩት በዚህ ሕግ ነው፤ እሱም በተከበረላቸው ጊዜ። ድምፅ መስጠት ብቻውን ሕጉን እንደማያስተካክል ከዚህ በላይ ማስረጃ አላውቅም።

በዚያ ዘመን ፓርቲ አልነበረም። ስለዚህ እንደራሴው በፓርቲ ፕሮግራም አይጠየቅም። ዋናው ሥራው የአገሩን ባለጉዳይ እየያዘ በየሚኒስቴሩ ደጅ መጥናት ነበር፤ ለዚህም የተመሰገኑ ነበሩ። ትልቁ ጉዳይ፣ የመሬቱ ነገር፣ ሲመጣ ግን ነገሩ ተለየ። የጭሰኛንና የባለመሬትን ግንኙነት ለማስተካከል የቀረበው ረቂቅ ባለመሬቶች በበዙበት ምክር ቤት እየተንከባለለ ሳይጸድቅ 1966 ደረሰ። ረቂቅ ሕግ በግልጽ ውድቅ ሳይደረግ ተቀምጦ እንደሚሞት ይህ ያሳያል።

ደርግ ፓርላማውን ዘጋ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅን ያለ ምንም ምክር ቤት አወጣ። አዋጁ ጾታ አይለይም፤ በተግባር ግን በገበሬ ማኅበሩ መዝገብ ላይ የሰፈረው ባብዛኛው የአባወራው ስም ነው። በ1979 ስለተመረጠው ብሔራዊ ሸንጎ ብዙ የምለው የለኝም፤ በአንድ ፓርቲ አመራር ሥር የነበረና ከአራት ዓመት ያልዘለለ ነው።

አሁን ያለው ሕገ መንግሥት ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. ጸደቀ። አንቀጽ 12ን እያንዳንዷ አባላችን ብታውቀው ደስ ይለኛል። የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ መሆን አለበት፣ ኃላፊም ሆነ ተመራጭ ኃላፊነቱን ሲያጓድል ተጠያቂ ይሆናል፣ ሕዝብ እምነት ያጣበትን ተመራጭ ከቦታው ሊያነሣው ይችላል ይላል። አንቀጽ 54 ይህንኑ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባላት ይደግመዋል። አንቀጽ 58 የምክር ቤቱ ዓመት ከመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ እስከ ሰኔ 30 መሆኑን፣ በመካከሉም የአንድ ወር እረፍት ሊኖረው እንደሚችል ይደነግጋል። አዳራሻችን ውስጥ የምናያቸው ስብሰባዎች የሚደረጉት በእነዚህ የእረፍት ጊዜያት ነው። ስለዚህ እንግዳው ሲመጣ ውለታ እየዋለልን አይደለም። ውክልናውን የሰጠነው እኛ ነን፤ ሪፖርቱም የእኛ ነው።

ከምክር ቤት ወጥቶ በእርግጥ ቤታችን የገባ ሕግ አለ ወይ ብትሉ፣ አለ። የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ በ1992 ወጣ፤ የአማራ ክልል ምክር ቤትም በ1995 የራሱን አወጣ። የጋብቻ ዕድሜ ለሁለቱም 18 ሆነ፣ ባል የቤተሰብ ራስ መሆኑ ቀረ፣ የጋራ ሀብት በጋራ የሚተዳደር ሆነ። በክልላችን የመሬት ይዞታ ደብተር ሲሰጥም የባልና የሚስት ስም፣ ከነፎቶግራፋቸው፣ አብሮ ገባ። ብዙ ወጪ የማይጠይቅ ሥራ ይመስላል። ከሮቢ ወንዝ በሚጠለፍ ውኃ ሽንኩርት ለሚያለማ ቤተሰብ ግን ሚስት ሳትፈርም መሬቱ አይከራይም ማለት ነው። ወደ ማኅበራችን ብድር ለመጠየቅ የሚመጡ እናቶች ደብተሩን በነጠላቸው ጠቅልለው ሲያወጡ ሁልጊዜ የማየው ያንን ፎቶግራፍ ነው። ባሏ የሞተባት ወይም የፈታች ሴት ከቤተ ዘመድ ጋር ስትካሰስ ምን እንደሚጠቅማት የቀበሌ መሬት ኮሚቴዎችን ጠይቁ።

የእኛን ማኅበርና መሰሎቹን የነካውን ደግሞ እንደ ሒሳብ ሠራተኛ ልንገራችሁ፤ ለጋሾቻችንም ያስታውሱታል። በ2001 የወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621 በሴቶችና በሌሎች መብቶች ላይ የሚሠራ ድርጅት ከውጭ የሚያገኘው ገንዘብ ከገቢው ከመቶ 10 እንዳይበልጥ ከለከለ። አስተዳደራዊ ወጪም ከመቶ 30 በላይ እንዳይሆን ወሰነ። ችግሩ አስተዳደራዊ የሚባለው ምኑ ነው የሚለው ነበር፤ ለሥልጠና የወጣ ትራንስፖርትና የሠራተኛ ደመወዝ ሳይቀር እዚያ ውስጥ ይገባ ነበር። ስለ ሴቶች ጥቃት ነፃ የሕግ ምክር የሚሰጡ ድርጅቶች ሥራቸውን ለመቀነስ ተገደዱ። በ2011 በአዋጅ ቁጥር 1113 ሲተካ የውጭ ገንዘቡ ገደብ ተነሣ፤ የአስተዳደር ወጪ ጣሪያው ከመቶ 20 ሆነ። ሁለቱም ሕጎች የጸደቁት በአንድ ዓይነት አዳራሽ፣ በተመራጮች እጅ ነው። በእነዚያ አሥር ዓመታት ውስጥ በስንት ስብሰባ ላይ ይህ ጥያቄ በስማችን ተነሣ?

የሴቶቹ ቁጥርማ ጨምሯል። በ1992 ምርጫ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያለፉት ሴቶች 42 ነበሩ፤ በ2007 ከ547 መቀመጫ 212 ደረሱ። ይህን አላናንቅም። ይሁንና ሕግ ሲጸድቅ በዜና የምንሰማው «በዚህን ያህል ተቃውሞና ድምፀ ተአቅቦ በአብላጫ ድምፅ» የሚል ነው፤ የእኛ ተወካይ የትኛው ውስጥ እንደሆኑ አንሰማም። አሜሪካ ያሉ ዘመዶቻችን እንደሚነግሩን፣ እዚያ የክፍለ ግዛት ምክር ቤት አባል ለአካባቢው ሰው ደብዳቤ ይልካል፤ ምን ረቂቅ እንደቀረበ፣ እሱ ምን ብሎ ድምፅ እንደሰጠ፣ የትኛው ቢሮ ስለ ምን እንደሚጠየቅ ይጽፋል። ራሱን ለማወደስም እንደሚጽፈው አያጠያይቅም። ቢሆንም ወረቀቱ እጅ ላይ ይቀራል፤ በኋላ «እንዲህ ብለው ነበር» ለማለት ይመቻል።

ይህን ሁሉ ስጽፍ ያለንበትን ጊዜ ዘንግቼ አይደለም። በሰኔ 2013 ምርጫ በጸጥታ ምክንያት ድምፅ ያልተሰጠባቸው የምርጫ ክልሎች በክልላችንም ነበሩ፤ የትግራይ መቀመጫዎችም ባዶ ሆነው ቀሩ። በዚያው ዓመት አጣዬ ተቃጠለች። በኅዳር 2014 ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ገባ። ከዚያ ወዲህም መንገድ ሲዘጋ ሲከፈት እያየን ነው። እንዲህ ባለ ጊዜ ተመራጭና መራጭ የሚገናኙበት ቀን ይጠፋል፤ ጥያቄው ግን አይጠፋም፣ ይጠራቀማል። በእኛ ቋንቋ ተሰብሳቢ ሒሳብ ይሆናል። ሳይመዘገብ የቆየ ተሰብሳቢ ሒሳብ ደግሞ ማንም አይከፍለውም።

አንድ ሌላ ጉድለትም አለብን። ጥያቄውን ለማይመለከተው ሰው እናቀርባለን። የደሴ መንገድና የኤሌክትሪክ ኃይል የፌዴራል ነው። የቤተሰብ ሕግና የመሬት አስተዳደር ዝርዝሩ የክልል ምክር ቤት ነው። የቧንቧው ውኃና የውስጥ ለውስጥ መንገዱ የከተማችን ነው። በ2016 በወጣው የፌዴራል የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 1324 መሠረት ባለይዞታ የመጠቀም መብቱን አስይዞ ከገንዘብ ተቋም መበደር ይችላል። ይህ ለአባሎቻችን ትልቅ ነገር ነው፤ አደጋም አለው። ባልየው ሲበደር የሚስት ፈቃድ እንዴት ይረጋገጣል? ዕዳው ካልተከፈለ የመሬቱ ጥቅም ለስንት ጊዜ ይያዛል? ይህን መጠየቅ ያለብን ውሉ ላይ አውራ ጣት ከማድረጋችን በፊት ነው።

ለሥራ አመራር ኮሚቴው አንድ መዝገብ እንዲከፈት ሐሳብ አቅርቤ ተቀባይነት አግኝቷል። አምስት ዓምድ አለው፤ ቀን፣ ጥያቄው፣ የቀረበለት ተመራጭ ወይም ምክር ቤት፣ የተሰጠው መልስ፣ መልሱ የመጣበት ቀን። መልስ ያላገኘው በሚቀጥለው ስብሰባ «ካለፈው የዞረ» ተብሎ መጀመሪያ ይነበባል። እስካሁን ሦስት ጥያቄዎች ተመዝግበዋል፤ የመሬት ብድሩ የሚስት ፈቃድ፣ በሽንኩርት ወቅት ደላላ የሚያወርደው ዋጋ፣ የገበያው የሴቶች መጸዳጃ ቤት። ሌላ ጥያቄ ያላችሁ በቁጠባ ቀን ይዛችሁ ኑ። መጻፍ ለማትችሉ እናቶች ጸሐፊዋና እኔ ቃላችሁን እንዳለ እንጽፍላችኋለን፣ አንብበንም እናሰማችኋለን።