የኒውዮርክ አክሲዮን ገበያና የደላሎቹ እድር



ባለፈው ጠቅላላ ጉባኤ ከወጣት አባሎቻችን አንዱ ተነሥቶ «የእድሩ ገንዘብ ባንክ ተኝቶ ከሚቀር ለምን አክሲዮን አንገዛበትም?» ማለቱ ይታወሳል። ግማሹ አጨበጨበ፣ ግማሹ አጉረመረመ፤ ሰዓቱም ስለመሸ ነገሩ ለሚቀጥለው ጉባኤ ተላለፈ። ልጁ ሐሳቡን ከሜዳ አላመጣውም። በጥር ወር 2017 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ አዲስ አበባ ላይ ከተከፈተ ወዲህ በየሻይ ቤቱ የሚወራው ይኸው ነው። እኛ ዕድሜያችንን በመዝገብ ቤት የጨረስን ሰዎች ነንና የገበያ አዋቂ ነን አንልም። ሆኖም ካነበብነው ታሪክ ውስጥ አንዱ ከእድር ጋር የሚገናኝ ሆኖ ስላገኘነው፣ እጅ ከመውጣቱ በፊት አባላት ይወቁት ብለን ይህን ጻፍን።

ታሪኩ የኒውዮርክ ከተማ ነው። የዚያን አገር ነገር በእነሱ ዘመን አቆጣጠር እንጽፋለን። 1929 የምንለው በእኛ 1921 አልቆ 1922 የገባበት፣ ንግሥት ዘውዲቱ ሊያርፉ ጥቂት ወራት ብቻ የቀሯቸው ጊዜ ነው።

በዚያ ዘመን አሜሪካ ጥጋብ ላይ ነበረች። መኪናው፣ ራዲዮኑ፣ ኤሌክትሪኩ በየቤቱ ይገባል፤ የኩባንያዎችም አክሲዮን ዋጋው በየወሩ ይጨምራል። ዎል ስትሪት በሚባለው መንገድ ላይ ባለው የአክሲዮን ገበያ ትናንት የገዛ ዛሬ ሸጦ ያተርፋል። ታዲያ ክፉው ነገር ሰዉ የሚገዛው በራሱ ገንዘብ አለመሆኑ ነበር። መቶ ዶላር ያለው ሰው ደላላው ዘጠኝ መቶ ያበድረውና የሺህ ዶላር አክሲዮን ይገዛል፤ አክሲዮኑ ራሱ ለብድሩ መያዣ ይሆናል። ዋጋው ከመቶ አሥር ከጨመረ መቶው ሁለት መቶ ሆነለት ማለት ነው። ከመቶ አሥር ከወረደስ? መቶዋ በነነች። ደላላው «ገንዘብ ጨምር» ብሎ ይልክበታል፤ ካልጨመረ አክሲዮኑን አውጥቶ ይሸጥበታል። ይህ ሽያጭ ዋጋውን ደግሞ ያወርደዋል፤ ያን ጊዜ ጎረቤቱም «ጨምር» ይባላል። እንዲህ እያለ አንዱ ሌላውን ይዞ ይወድቃል።

የሠላሳ ትልልቅ ኩባንያዎችን ዋጋ የሚለካው ዳው ጆንስ የሚባለው መለኪያ በሴፕቴምበር 3 ቀን 1929 ከ381 በላይ ደርሶ ነበር። ኦክቶበር 24፣ ሐሙስ ቀን፣ ሻጩ በዛ ገዢው ጠፋ። በዚያ ቀን ብቻ ወደ 12.9 ሚሊዮን አክሲዮን ተሸጠ። ዋጋውን በጠባብ ወረቀት ላይ እያተመ የሚያወጣው መኪና አራት ሰዓት ያህል ወደ ኋላ ስለቀረ፣ ሰዉ ሀብታም ይሁን ደኸይቶ ይሁን ሳያውቅ አመሸ። እኩለ ቀን ላይ ትልልቆቹ የባንክ ሰዎች መከሩና አንድ ሰው ወደ ገበያው አዳራሽ ላኩ። ሪቻርድ ዊትኒ ይባላል፤ የገበያው ምክትል ፕሬዚዳንት ነው። ደረቱን ነፍቶ ገባና ሌላው ከዚያ በታች እየጠራ ሳለ የብረት ኩባንያውን አክሲዮን «በ205 ዶላር አሥር ሺህ እገዛለሁ» አለ። ሰዉ ተረጋጋ፤ ዊትኒም ጀግና ተባለ። ስሙን ያዙልን፤ ኋላ እንመለስበታለን።

መረጋጋቱ ግን እስከ ሳምንቱ መጨረሻ ነው። ሰኞ ገበያው ከመቶ 13 ያህል ወደቀ፤ ማክሰኞ ከመቶ 12 ያህል ደገመ፣ ከ16 ሚሊዮን በላይ አክሲዮንም ተሸጠ። መውደቁ በዚያም አላበቃም። በጁላይ 1932 መለኪያው 41 ላይ ተገኘ፤ መቶ ዶላር ያወጣ የነበረው 11 ዶላር ገደማ ሆነ ማለት ነው።

አክሲዮን የነበረው ከሕዝቡ ጥቂቱ ነው፤ የተጎዳው ግን ሁሉ ነው። በዲሴምበር 1930 ኒውዮርክ ላይ የዩናይትድ ስቴትስ ባንክ የሚባል ባንክ ተዘጋ። የግል ባንክ ነው፤ ስሙ ግን የመንግሥት ያስመስለዋል። ወደ 400,000 የሚሆኑ አስቀማጮች ነበሩት፤ ብዙዎቹ ልብስ በመስፋት የሚተዳደሩ ስደተኞች ነበሩ። ከ1930 እስከ 1933 ድረስ 9,000 ያህል ባንኮች ተዘጉ። ገንዘቡን በፍራሽ ሥር የሸሸገው ሰው ብልህ የተባለው ያን ጊዜ ነው። ፋብሪካው ሠራተኛ አባረረ፤ በ1933 ከአራት ሠራተኛ አንዱ ሥራ ፈት ነበር። የቡና ዋጋ በዓለም ላይ ወድቆ ብራዚል ቡናዋን በእሳት እስከማቃጠል ደረሰች። ቡና የሚቃጠልበት ዘመን፣ እንግዲህ አስቡት።

ለዚህ ሁሉ ጥፋተኛው የገበያው መውደቅ ብቻ ነው ማለት ግን አይገባም። ባንኮቹ ሲናጉ የሚደርስላቸው አጡ፤ ለአስቀማጩ ገንዘብ በመላ አገሪቱ የሚሠራ ዋስትና የተቋቋመው በ1933 ከጥፋቱ በኋላ ነው። ኦክቶበር 19 ቀን 1987 ገበያው በአንድ ቀን ከመቶ 22.6 ወድቆ ነበር፤ ከ1929ኙ ከማንኛውም ቀን የባሰ ነው። ነገር ግን የአገሩ ማዕከላዊ ባንክ ቶሎ ገንዘብ ስላቀረበ እንደዚያ ያለ ረሀብና ሥራ ማጣት አልተከተለም፤ ዋጋውም በሁለት ዓመት ውስጥ ተመለሰ። የ1929ኙ ዋጋ ወደ ቦታው የተመለሰው ግን በኖቬምበር 1954 ነው። ሃያ አምስት ዓመት! ለልጅ ልጁ የሚያስቀምጥ ሰው ይህን ሊታገሥ ይችል ይሆናል። የእድር ገንዘብ ግን ዛሬ ሌሊት ጥሩምባ ቢነፋ ነገ ጠዋት ሊከፈል የሚገባው ነው፤ አስከሬን ገበያው እስኪያገግም አይጠብቅም።

አሁን ወደ ዊትኒ እንመለስ። የኒውዮርክ ገበያ ደላሎች ከ1873 ጀምሮ የራሳቸው እድር ነበራቸው ብንል ማን ያምነናል? እውነት ነው። አባል ሲሞት ሌሎቹ አዋጥተው ለሚስቱና ለልጆቹ የሚሰጡበት የመረዳጃ ማኅበር ነው። ድንኳንና ንፍሮ የለውም እንጂ ሐሳቡ የእኛው ነው። ዊትኒ ከ1930 እስከ 1935 የገበያው ፕሬዚዳንት ሆኖ ሠራ፤ ከዚህ መረዳጃ ማኅበር ባለአደራዎችም አንዱ ነበር። የማኅበሩን ቦንድ የሚሸጠውና የሚለውጠው የእርሱ የድለላ ቤት ነው።

ሰውየው ግን ውስጥ ውስጡን በዕዳ ተዘፍቆ ነበር። ከፖም አረቄ በሚያወጣ ኩባንያና በሌላም በሌላም ገንዘቡን አፍስሶ ከስሯል። የሟች ቤተሰቦችን ቦንድ ወስዶ ለራሱ ብድር መያዣ አደረገው። የማኅበሩ ጸሐፊ «ሰነዱ ይመለስ» እያለ ደጋግሞ ጠየቀ፤ መልሱ «ሥራ በዝቶብናል» የሚል ነበር። ያን ታላቅ ሰው ማን ይጨቀጭቃል? ይህንን እኛ በደንብ እናውቀዋለን። በሠራንበት አንድ መሥሪያ ቤት አንድ የተከበሩ ሰው የጎደለ ደረሰኝ ሲጠየቁ «ነገ» ይሉን ነበር። እኛም አፍረን ዝም አልን፤ ነገሩ የወጣው ሰውየው ከተዛወሩ በኋላ ነው።

የኒውዮርኩ ጸሐፊ ግን በኖቬምበር 1937 ዊትኒ ባልተገኘበት የባለአደራዎች ስብሰባ ላይ ተጠየቀና ተናገረ። ያልተመለሰው ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ ነበር። ወንድሙ በጭንቅ ተበድሮ የማኅበሩን ገንዘብ አስመለሰለት። በማርች 1938 ግን ሌላው ጉድ ተገለጠ፤ የሚስቱን አባት ውርስና ገንዘብ ያዥ የነበረበትን የጀልባ ክበብ ሰነድ ሳይቀር ነክቶ ተገኘ። ጥፋቱን አምኖ ከአምስት እስከ አሥር ዓመት ተፈርዶበት ሲንግ ሲንግ ወህኒ ቤት ገባ፤ በ1941 ተፈታ።

እንግዲህ ወደ ራሳችን ጉባኤ። የአክሲዮኑ ሐሳብ ሲነሣ እኛ በእድሩ መጠባበቂያ ገንዘብ አይገዛ ብለን እጃችንን እናወጣለን፤ በግሉ የሚገዛውን አባል ግን፣ በብድር እስካልሆነ ድረስ፣ አንከለክለውም። ከዚያ አስቀድሞ ሌላ ጉዳይ አጀንዳ እንዲያዝልን ለእድሩ ዳኛ በጽሑፍ አመልክተናል። የእድሩ የባንክ ደብተር በጉባኤ ፊት ከተነበበ ሁለት ዓመት አልፎታል። ገንዘብ ያዣችንን ሁላችንም እናከብራቸዋለን፣ እናምናቸዋለንም። ደብተሩን ይዘው ይምጡልን።