ጣቢያ ሲደርስ የሚጨልመው ባቡር

ዲኮደር ሲባል የአብዛኞቻችን ሐሳብ ጣሪያ ላይ ወደተተከለው ዲሽ ነው የሚሄደው። የዛሬው ዲኮደር ሌላ ነው። ከመካከላችን የአንዱ አጎት ጀርመን አገር ይኖራሉ። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ሳሎናቸውን በሐዲድ ሞልተው፣ ከእውነተኛው 87 ጊዜ ያነሱ፣ ስንዝር የሚያህሉ ሎኮሞቲቮች ይነዳሉ። ባለፈው ስንደውልላቸው (ለማሾፍ ነበር የደወልነው፣ ይቅር ይበሉን) አንድ ነገር አነሱብን፦ «ድሮ እኮ ባቡሬ ጣቢያ ሲገባ መብራቱ ይጠፋ ነበር።»

ባቡር ሲሄድ እያበራ፣ ተሳፋሪ ሲጭን ለምን ይጨልማል?

ነገሩ እንዲህ ነው። ጎፒንገን በምትባል የጀርመን ከተማ በ1859 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) የተመሠረተው ሜርክሊን መጀመሪያ ለአሻንጉሊት ማዕድ ቤት የሚሆን የቆርቆሮ ዕቃ ነበር የሚሠራው። በ1891 ላይፕሲግ በተካሄደ የንግድ ትርኢት በቁልፍ የሚጠመዘዝ ባቡር ከነሐዲዱ ይዞ ቀረበ። ኋላ ኤሌክትሪክ ሲመጣ ነገሩ የቀለለ መሰለ። ኤሌክትሪኩ ሐዲዱ ላይ ይለቀቃል፣ ሎኮሞቲቩ በመንኮራኩሩ ይቀበላል። በዲሲ በሚሄዱት ባቡሮች ቮልቱ ሲጨምር ፍጥነቱ ይጨምራል፣ ፖዘቲቭና ኔጋቲቩ ሲገለበጥ ባቡሩ ወደ ኋላ ይሄዳል። ቮልቱ ዜሮ ሲገባ ደግሞ ሞተሩም አምፖሉም አብረው ይሞታሉ። የአጎታችን እንቆቅልሽ ይኸው ነው፤ ጉልበቱና ትእዛዙ አንድ ነበሩ።

ሌላም ጣጣ አለው። ትእዛዙ የሚሰጠው ለሐዲዱ እንጂ ለባቡሩ አይደለም። አንድ ሐዲድ ላይ ሁለት ሎኮሞቲቭ ካስቀመጥን ሁለቱም እኩል ይነሳሉ። ለዚህ መላ ተብሎ ሐዲዱ እየተቆራረጠ ለየክፍሉ ማብሪያ ማጥፊያ ተገጠመለት። ባለቤቱም ባቡር መንዳቱን ትቶ ማብሪያ ማጥፊያ ሲጫን ይውላል።

መፍትሔው ባቡሩን በስሙ መጥራት እንደሆነ የገባቸው ሰዎች ቀደም ብለውም ነበሩ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ የአሜሪካው ጄኔራል ኤሌክትሪክ አምስት ሎኮሞቲቮችን ለየብቻ የሚያዝ አስትራክ የተባለ ዘዴ አወጣ። በ1979 የእንግሊዙ ሆርንቢ ዜሮ ዋንን ይዞ መጣ፤ እሱ እስከ 16 ያዛል። ሁለቱም አልዘለቁም። የሚያሳዝነው እዚህ ላይ ነው፤ ዕቃው የሚግባባው ከአምራቹ ዕቃ ጋር ብቻ ስለነበር፣ ኩባንያው ምርቱን ሲያቆም በገዢው እጅ ቋንቋው የሞተበት ባቡር ቀረ። (ቻርጀሩ ከገበያ የጠፋበት ሞባይል ይዞ የሚያውቅ ሰው ይህ ይገባዋል።)

በ1980ዎቹ አጋማሽ ሜርክሊን በሞቶሮላ ቺፕ የሚሠራ፣ 80 አድራሻ ያለው ዲጂታል ዘዴ ለገበያ አቀረበ። ትልቁ ለውጥ ግን የመጣው ጊሰን ከተማ ካለው ከሌንዝ ኤሌክትሮኒክ ነው። ሌንዝ ለአርኖልድና ለሜርክሊን የዲሲ ባቡሮች ሌላ ዘዴ ሠራላቸው፤ የአርኖልዱ ዲኮደር በ1989፣ የሜርክሊኑ በ1990 ገበያ ላይ ዋለ። የሁለት ኩባንያዎች ምስጢር ሆኖ ሊቀር ይችል ነበር። አልቀረም። በ1935 የተመሠረተው የአሜሪካ የሞዴል ባቡር ወዳጆች ማኅበር፣ ኤንኤምአርኤ፣ የሌንዝን ሥራ መሠረት አድርጎ ለሁሉም አምራች ክፍት የሆነ ደረጃ አዘጋጀ። ረቂቁ በኦክቶበር 1993 ሞዴል ሬይልሮደር በተባለው መጽሔት ታተመ፤ ኋላም ጸደቀ። ዲሲሲ ይሉታል። ከዚያ ወዲህ የአንዱ ፋብሪካ መቆጣጠሪያ የሌላውን ፋብሪካ ዲኮደር ያዛል። በእኛ ሚዛን ከቺፑ ይልቅ ወረቀቱ ይበልጣል። ሜርክሊን በዋናዎቹ ባቡሮቹ በራሱ ቋንቋ ቢቀጥልም፣ ኋላ ላይ መቆጣጠሪያዎቹ ዲሲሲንም መናገር ጀመሩ።

አሠራሩ ደስ ይላል። ባቡሩ ቢቆምም ሐዲዱ ላይ ሁልጊዜ ሙሉ ኤሌክትሪክ አለ። ትእዛዙ የሚተላለፈው ኤሌክትሪኩ በሚገለባበጥበት ጊዜ ርዝመት ነው፤ በየ58 ማይክሮ ሰከንዱ ሲገለበጥ «1»፣ 100 ወይም ከዚያ በላይ ሲቆይ «0» ይባላል። እያንዳንዱ ዲኮደር አድራሻ አለው (አዲስ ሲገዛ አብዛኛውን ጊዜ 3 ነው)። መምህሩ ስም ሲጠሩ ክፍሉ በሙሉ ይሰማል፣ «አቤት» የሚለው ግን አንዱ ነው። እንደዚያው።

ብዙዎቹ አዳዲስ ሎኮሞቲቮች መሰኪያ ስላላቸው ዲኮደሩን እንደ ሲም ካርድ መሰካት ነው። የድሮዎቹ ግን ካውያና ሊድ ይፈልጋሉ። ቀይና ጥቁሩ ሽቦ ከሐዲዱ ይቀበላሉ፤ ብርቱካናማና ግራጫው ወደ ሞተሩ፣ ነጩ ወደ ፊት መብራት፣ ቢጫው ወደ ኋላ መብራት ይሄዳሉ፤ ሰማያዊው የመብራቶቹ የጋራ ፖዘቲቭ ነው። ወጥመዱ ሞተሩ ላይ ነው። በብዙ የድሮ ሎኮሞቲቮች የሞተሩ አንድ ጫፍ የብረት አካሉን ይነካል፣ አካሉ ደግሞ ከሐዲዱ ጋር ይገናኛል። ያንን ሳይለዩ መበየድ የሐዲዱን ኤሌክትሪክ በጓሮ በር ዲኮደሩ ላይ መልቀቅ ነው። አጎታችን የመጀመሪያውን ዲኮደር ያቃጠሉት እንዲህ ነው። ሽታው ለሁለት ቀን ከሳሎን አልወጣም ይላሉ። ባለቤታቸው «አንድ ሳምንት» ነው የሚሉት።

መብራቱም የራሱ ታሪክ አለው። አምፖል ይሞቃል፤ ለረጅም ሰዓት በሙሉ ቮልት ሲበራ የፕላስቲክ ቀፎ እስከማቅለጥ ይደርሳል። ለዚህ ነው ኤልኢዲ የተፈለገው። ኒክ ሆሎንያክ በ1962 (እዚያው ጄኔራል ኤሌክትሪክ ውስጥ) የሠራው ኤልኢዲ ግን ቀይ ነበር። ለኋላ መብራት ይሆናል፤ ለፊቱስ? ሹጂ ናካሙራ ኒቺያ በተባለው የጃፓን ኩባንያ በ1993 ደማቁን ሰማያዊ እስኪያሳካ ድረስ ነጭ ኤልኢዲ የሚታሰብ አልነበረም። የዲሲሲ ረቂቅ የታተመበት ዓመት መሆኑን ልብ ይሏል። ነጩ በ1996 ገበያ ገባ፤ ናካሙራም ከኢሳሙ አካሳኪና ከሂሮሺ አማኖ ጋር በ2014 የፊዚክስ ኖቤል ተሸለመ። የመጀመሪያዎቹ ነጮች ወደ ሰማያዊ ያደላሉ፤ የእንፋሎት ዘመን ሎኮሞቲቭ ላይ ሲበሩ የሆስፒታል ኮሪደር ነው የሚመስሉት። የታደገው ወደ ቢጫ የሚያደላው ነጭ ነው። ኤልኢዲው የሚፈልገው 3 ቮልት ግድም ሲሆን ዲኮደሩ ከ12 በላይ ስለሚሰጥ መሃል ላይ 1000 ኦም ገደማ ሬዚስተር ይገባል። ሬዚስተሩን የዘለለ ሰው ብርሃኑን የሚያየው ለአንድ አፍታ ብቻ ነው።

አጎታችን አንዷን አሮጌ ሎኮሞቲቭ አልነኳትም። ሰብሳቢዎች ዘንድ፣ ተከፍታ አካሏ ከተቆረጠ ዋጋዋ ይወድቃል። ሌላዋን ግን ከፍተዋታል። ባለፈው ሳምንት ቪዲዮዋን ላኩልን፤ ጣቢያው ውስጥ ቆማለች፣ ሞተሯ ጸጥ ብሏል፣ የፊት መብራቷ በርቷል። ከካሜራው ጀርባ ድምፃቸው ይሰማል፦ «አያችሁ? ቆማለች እኮ!»