አቡጀዲ በራሱ ስም መጣ፤ የዛሬው ግን በእኛ ስም

ከፓይን ሌክ፣ አትላንታ

እኛ በስደት የምንኖር ኢትዮጵያውያን ስለ ምርጫ፣ ስለ ሕገ መንግሥት፣ ስለ ወደብና ስለ ድንበር ስንከራከር ማደር እንችልበታለን። ሰላማዊ ሰልፍ ሲጠራ ነጠላችንን አጣፍተን፣ ሰንደቅ ዓላማችንን ይዘን አደባባይ እንወጣለን። ይህን የምለው ለመንቀፍ አይደለም፤ እኔም ከሰልፈኞቹ አንዱ ነኝ። ግን እስቲ ልጠይቃችሁ ወገኖቼ፤ ያጣፋነውን ነጠላ የሠራው ማን ነው? ክሩን ማን ፈተለው? ጥለቱን ማን ጣለው? የከፈልነውስ ገንዘብ ማን ኪስ ገባ?

ጥያቄውን እንዳነሣ ያደረገኝ ቀላል ነገር ነው። ለልጄ ለመስቀል በዓል እንዲሆናት ከአንድ ሱቅ የሐበሻ ቀሚስ ገዛሁ። ሻጩ «ከሽሮ ሜዳ የመጣ ነው» አለኝ። ቀሚሱ አንድ ጊዜ ሲታጠብ የጥለቱ ቀለም ወደ ነጩ ፈሰሰ። ገልብጠን ስናየው በስፌቱ ውስጥ የተሸጎጠች ትንሽ ጽሑፍ አገኘን፤ መቶ በመቶ ፖሊስተር፣ ቻይና የተሠራ ትላለች። ፈታይ አልነካችውም፤ የዶርዜ ሸማኔም አላየውም። መስቀሉ ግን የእኛው መስቀል፣ ቀለሙም የእኛው አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ነው።

ነገሩ ለአንድ ቀሚስ ሲባል የተጻፈ እንዳይመስላችሁ። ከባሕር ማዶ የመጣ ጨርቅ የአገራችንን ሸማኔ ሲገፋው ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ይህን ታሪክ ደግሞ ከዚህ ከጆርጂያ ሆኖ ማውራት ይገባል፤ ምክንያቱም የታሪኩ አንዱ ጫፍ እዚሁ ነው።

ፓይን ሌክ በክላርክስተንና በስቶን ማውንቴን አጠገብ የምትገኝ፣ እ.ኤ.አ. በ1937 የተቋቋመች፣ ከአንድ ሺህ ያነሰ ሕዝብ ያላት ትንሽ ከተማ ናት። የጆርጂያ መሬት ግን የጥጥ መሬት ነው። እስከ 1865 ድረስ ይህን ጥጥ ይለቅሙ የነበሩት ከአፍሪካ ተግዘው የመጡ ባሮችና ልጆቻቸው ነበሩ። በእነዚህ ደቡባዊ ግዛቶች የተለቀመው ጥጥ ወደ ሰሜን፣ ወደ ማሳቹሴትስና አካባቢው ፋብሪካዎች ይሄዳል፤ እዚያ ጨርቅ ሆኖ በመርከብ ወደ ዛንዚባርና ወደ ቀይ ባሕር ወደቦች ይጫናል። በምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ «መሪካኒ» አሉት። እኛ ደግሞ «አቡጀዲ» አልነው።

አቡጀዲ በኢትዮጵያ ገበያ ምን ያህል ገንኖ እንደነበር ለመረዳት እ.ኤ.አ. በ1903 የሆነውን ማየት ይበቃል። በማርሴይ የአሜሪካ ቆንስል የነበረው ሮበርት ስኪነር በባሕር ኃይል ወታደሮች ታጅቦ አዲስ አበባ ገባና በታኅሣሥ ወር ከዳግማዊ ምኒልክ ጋር የንግድ ውል ተፈራረመ። አሜሪካ ያን ያህል መንገድ መልእክተኛ የላከችበት አንዱ ዋና ምክንያት ይኸው ጨርቅ ነው፤ ወደ ኢትዮጵያ ከሚገባው ሸቀጥ መካከል የአሜሪካ የጥጥ ጨርቅ ግንባር ቀደም ነበርና። የሁለቱ አገሮች ግንኙነት የተጀመረው በእርዳታ ስንዴ የሚመስለው ሰው ካለ፣ የተጀመረው በአቡጀዲ መሆኑን ይወቅ።

ለምን አቡጀዲ አሸነፈ? ርካሽ ነበር፤ በብዛትም ይገኛል። አንዲት ሴት ጥጡን ፈልቅቃ፣ ባዘቶውን አዘጋጅታ፣ በእንዝርት ፈትላ፣ ሸማኔው ድሩን አድርቶ ማጉን እስኪወረውር ድረስ ሳምንታት ያልፋሉ። የማሳቹሴትስ ማሽን ግን ያን በሰዓታት ይጨርሰዋል። ሌላም ምክንያት አለ፤ እሱን ስናወራ ብዙ ጊዜ እናልፈዋለን። እኛ ሸማኔውን እንንቀው ነበር። ሸማውን ለብሰን ቤተ ክርስቲያን እየሄድን ሠሪውን «ቁጢት በጣሽ»፣ ብረት ሠሪውን «ቀጥቃጭ»፣ ቆዳ አልፊውን «ፋቂ» ስንል ኖረናል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብን በአዋጅ እስከ መከልከል ደርሰዋል። ንጉሥ አዋጅ ካወጣበት ነውሩ ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደነበር መገመት አያዳግትም። የተናቀ ሙያ ለልጅ አይወረስም፤ ጥሪትም አያጠራቅምም።

የነገሩን ሥር በጊዜው የተረዳው ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ነው። እሱ በ1919 ካረፈ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1924 በታተመው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» በተባለው መጽሐፉ፣ ዕውቀትና መሣሪያ ያለው ሕዝብ መሣሪያ ከሌለው ጋር ሲነግድ ልውውጡ እኩል እንደማይሆን አስረድቷል። የእኛ ሰው ብዙ ቀን የደከመበትን ቡናና ቆዳ ይሰጣል፤ በምትኩ የሚቀበለው በማሽን በጥቂት ሰዓት የተሠራ ጨርቅ ነው። ገበያው ሲደምቅ ያገር ሀብት ግን ይሟጠጣል። ይህን የጻፈው የዓለም ባንክ የሚባል ነገር ሳይፈጠር ነው።

ከዚያ ወዲህ ባለ ፋብሪካው ሲለዋወጥ ስሙ አልተለወጠም። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1930 ከጃፓን ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈራረመች፤ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1931 ጃፓንን ጎበኙ። በእነዚያ ዓመታት የጃፓን ጨርቅ ከሁሉም ረክሶ መጣና የአሜሪካውን ከገበያ አስወጣው። ሕዝቡ ግን አሁንም «አቡጀዲ» ይለዋል። ቀጥሎ ተራው የእኛ ሆነ። በጣሊያን ወረራ ዘመን ድሬዳዋ የተተከለው የጥጥ ፋብሪካ፣ ከሕንዶች ጋር በአክሲዮን አቃቂ የተቋቋመው፣ እ.ኤ.አ. በ1961 ከጣሊያን በተገኘ የጦር ካሣ ባሕር ዳር የተሠራው፣ ሁሉም አቡጀዲ ያመርቱ ጀመር። ባዕድ የነበረው ጨርቅ ያገር ጨርቅ ሆነ። በአርመኖች የተመሠረተው የዳርማር ጫማ ፋብሪካም ያገሩን ቆዳ እየሰፋ ያገሩን ሰው ያጫማ ነበር።

በየካቲት 1975 (እ.ኤ.አ.) ደርግ 72 ድርጅቶችን ወረሰ፤ በሌሎች 29 ድርጅቶችም አብላጫውን ድርሻ ያዘ። ዳርማር «አንበሳ» ተባለ። ስም መቀየር ቀላል ነው፤ መለዋወጫ ማግኘትና ጥራት መጠበቅ ግን በመመሪያ አይሆንም። ገዢው ሌላ ምርጫ ስለሌለው ብቻ የተገኘውን ሲገዛ ኖረ። ከ1991 በኋላ በሩ ሲከፈት ከውጭ ሳልባጁ በቦንዳ ገባ፤ ቀጥሎም የቻይና ሸቀጥ ጎረፈ። ያረጀ ማሽን የያዙት ፋብሪካዎቻችን ሊቋቋሙት አልቻሉም። በአማርኛችን «ቻይና ነው» ማለት «አይበረክትም» ማለት ሆኖ ቀረ።

እዚህ ላይ ግን ተስፋ የሚሰጥ ነገር አለ። ከ2000 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ የቻይና ጫማ መርካቶን ባጥለቀለቀ ጊዜ የአዲስ አበባ ትናንሽ ጫማ ሠሪዎች አበቃላቸው ተብሎ ነበር። ከእነሱ ብዙዎቹ ግን ሞዴላቸውን አሻሻሉ፤ ስፌታቸውን አጠነከሩ፤ በቆዳቸው ተማመኑ። ገዢውም የቻይናው ጫማ በጥቂት ወር ሲላቀቅበት ወደ እነሱ ተመለሰ። ከዚያው አስር ዓመት ሳያልፍ የኢትዮጵያ የቆዳ ጫማ ጣሊያን ድረስ ይላክ ነበር። ሠሪው ጥራት ካመጣ፣ ገዢውም ልዩነቱን ካወቀ ርካሹ ሸቀጥ የግድ አያሸንፍም።

ይህ የእኛ ብቻ ዕጣ አይደለም። እዚሁ አትላንታ ካቤጅታውን በሚባለው ሠፈር ጄኮብ ኤልሳስ የተባለ ከጀርመን የመጣ ስደተኛ እ.ኤ.አ. በ1881 የመሠረተው የፉልተን የከረጢትና የጥጥ ፋብሪካ አለ። በ1914 ሠራተኞቹ ታሪካዊ የሥራ ማቆም አድማ አደረጉ። ፋብሪካው በ1970ዎቹ መጨረሻ ተዘጋ፤ ሕንፃው ዛሬ ሰው የሚኖርበት አፓርትመንት ነው። ጆርጂያ ዛሬም በጥጥ ምርት ከአሜሪካ ግዛቶች ግንባር ቀደም ከሚባሉት አንዷ ስትሆን፣ ከጥጧ ብዙው ጥሬውን ወደ ውጭ ይሄድና ሸሚዝ ሆኖ ይመለሳል። አቡጀዲ የላከብን አገር ዛሬ የሌላውን አቡጀዲ ይለብሳል። ልዩነቱ ጆርጂያ ሌላ መተዳደሪያ አላት፤ የጋሞው ሸማኔ ግን ከመወርወሪያው ሌላ የለውም።

«ታዲያ ኢትዮጵያ የተሠራ የሚል ጽሑፍ ያለበትን እንግዛ» የሚል ይኖራል። ይህም ብቻውን አይበቃም። እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ለአሜሪካ ገበያ ልብስ ሲሰፋ ቆይቷል፤ የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2019 ባወጡት ዘገባ ግን የሠራተኛዋ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር ነበር። በጥር 2022 ኢትዮጵያ ከአጎዋ ስትወጣ መጀመሪያ የተጎዱት እነዚሁ ልጆች ናቸው። ክልከላም ብቻውን ሸማኔ አያፈራም፤ መንግሥት በ2022 የ38 ዓይነት ሸቀጦችን ማስገቢያ የውጭ ምንዛሪ ከለከለ፣ በ2024 መልሶ ፈቀደ።

እንግዲህ ወደ ዋናው ነጥቤ ልምጣ። አቡጀዲ ምንም ቢጎዳን አልዋሸንም። «ሸማ ነኝ» ብሎ አያውቅም። የዘወትሩን ልብስ ወሰደ፤ የክት ልብሳችን፣ ጥበቡና ኩታው፣ ለፈታይዋና ለሸማኔው ቀረላቸው። ሽመና እስከ ዛሬ የቆየው በዚህች በቀረች ገበያ ነው። የዛሬው ጨርቅ የመጣው ግን ይህችኑ የመጨረሻ ገበያ ሊወስድ ነው፤ ያውም በእኛው ስም፣ በእኛው መስቀልና በእኛው ጥለት። የውጭ አገር ገበያ ደግሞ በአብዛኛው የእኛ የስደተኞቹ እጅ ነው። ቻይና ያለው ፋብሪካ ይህን ጥለት የሚያትመው እኛ ስለምንገዛው ነው።

ስምን ማስከበር እንደሚቻል አይተናል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2005 የሲዳሞ፣ የሐረርና የይርጋ ጨፌ ቡና ስሞችን በአሜሪካ የንግድ ምልክት መሥሪያ ቤት ለማስመዝገብ ስታመለክት የአሜሪካ የቡና ነጋዴዎች ማኅበር ተቃወመ። ኦክስፋም ባስተባበረው ዘመቻ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ለስታርባክስ ጻፉ፤ በ2007 ኩባንያው ከኢትዮጵያ ጋር ተስማማ። ለቡናችን ስም የተቆረቆርነውን ያህል ለጥበባችን ስም የማንቆረቆርበት ምክንያት አይታየኝም።

እስከዚያው ግን ከእጃችን ያልወጣ ነገር አለ። ከ1958 ጀምሮ ባለው የአሜሪካ ሕግ የልብስ ሻጭ ጨርቁ ከምን እንደተሠራ በምልክት የማሳወቅ ግዴታ አለበት፤ ከየት አገር እንደመጣም እንዲሁ። ልብሱ ሳይሸጥ ያንን ቀዶ መጣል ክልክል ነው። ስለዚህ ገልብጣችሁ አንብቡ፤ ምልክት ከሌለው «ለምን?» በሉ። የጥለቱን ጀርባ እዩ፤ በእጅ የተጣለ ጥለት ክሩ በጀርባው ይታያል፣ የታተመው ጀርባው ባዶ ነው። ከጫፉ አንድ ክር መዝዛችሁ በክብሪት ሞክሩ፤ ጥጥ እንደ ወረቀት ነድዶ አመድ ይሆናል፣ ፖሊስተር ቀልጦ ይድበለበላል። ቤተ ክርስቲያኖቻችንና የኮሙኒቲ ማኅበሮቻችን ለመዘምራንና ለበዓል በጅምላ ሲያሠሩ የሸማኔ ማኅበሩን ስምና ቦታ ይጠይቁ፤ ትእዛዛቸውንም ከበዓሉ ብዙ ወር አስቀድመው ይስጡ፤ የእጅ ሥራ በሳምንት አይደርስምና።

ዋጋው ይወደዳል፤ አውቃለሁ። ሦስት ልጅ ላለው ቤተሰብ በየዓመቱ ሦስት የእጅ ጥበብ መግዛት ቀላል አይደለም። አቅም ያነሰው ወገን በየሁለትና በየሦስት ዓመቱ አንድ ይግዛ፤ ሰፋ አድርጎ ያሰፋ፣ ታላቂቱ ሲያጥራት ለታናሽቱ ያውርሳት። እናቶቻችን እንዲህ አድርገው ነው ያሳደጉን። ርካሹን የሚፈልግም ይግዛ፤ መብቱ ነው። ሻጩ ግን «ሽሮ ሜዳ» ብሎ አይሽጥለት።

ቸር ይግጠመን።