ከአዲስ አበባ እስከ ካይሮ፦ የርቀትና የጊዜ ታሪክ

በሁለት አየር ማረፊያዎች መካከል ያለውን ርቀት የወሰነችው ምድር ራሷ ስለሆነች ዘመን አይለውጠውም። የጉዞው ጊዜ ግን የሰው ሥራ ውጤት ነው። ይህንኑ ልዩነት የአዲስ አበባና የካይሮ መስመር ታሪክ በጉልህ ያስረዳል።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቲ.ደብልዩ.ኤ. ከተባለው የአሜሪካ አየር መንገድ ጋር በተደረገው ስምምነት መሠረት ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. ተቋቋመ። የመጀመሪያ በረራውንም መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. በዳግላስ ሲ-47 አውሮፕላን በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ አደረገ።

በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው ቀጥተኛ ርቀት 2,470 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በአሥመራ በኩል ሲኬድ ግን 2,520 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። ስለዚህ በአሥመራ ማለፍ በርቀቱ ላይ የሚጨምረው ከመቶ ሁለት እጅ ብቻ ነው። ጊዜውን ያረዘመው ጠመዝማዛነት ሳይሆን የአውሮፕላኑ ዐቅም ነበር። ባለ ሁለት ፒስተን ሞተሩ ሲ-47 በሰዓት 260 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ የማረፊያው ጊዜ ሳይቆጠር አየር ላይ ብቻ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ያህል ይፈጅበታል።

በዚህ ላይ የከፍታው ችግር አለ። አዲስ አበባም አሥመራም ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር በሚያልፍ ከፍታ ላይ ይገኛሉ። በዚህ ከፍታ የአየሩ እፍጋት በባሕር ወለል ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል፤ የሞተሩ ኃይል ይቀንሳል፤ ክንፉ ተመሳሳይ ክብደት ለማንሣት የበለጠ ፍጥነት ይሻል። ስለሆነም ወይ ጭነቱ መቀነስ፣ ወይ መንደርደሪያው መርዘም አለበት። በመንገድ ላይ አንድ ጊዜ ማረፍ የነዳጁን ሸክም ለሁለት በመክፈል ችግሩን ያቃልል ነበር።

ቁርጠኛው መፍትሔ የተገኘው በ1955 ዓ.ም. ቦይንግ 720 ቢ የተባሉት ጄቶች ሲመጡ ነው። የልደታው አየር ማረፊያ ጄት የሚያስተናግድ ስላልነበረ የቦሌው ተሠራ። በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ያህል የሚበር አውሮፕላን የቀድሞውን የሙሉ ቀን ጉዞ ወደ አራት ሰዓት ግድም አወረደው። ለዚህ ምስጋናው ለሞተሩ ብቻ ሳይሆን አፈሩን ለጠቀጠቁትና መንደርደሪያውን ላነጠፉት ባለሙያዎችም ጭምር ይገባል።

ይሁን እንጂ ያጠረው ጊዜ እንደገና ሊረዝም ይችላል። የአዲስ አበባና የአሥመራ በረራ በ1990 ዓ.ም. በጦርነት ምክንያት ተቋረጠ፤ በሐምሌ 2010 ዓ.ም. ቢቀጥልም በ2016 ዓ.ም. መጨረሻ ዳግመኛ ቆመ። ወደ ካይሮ የሚወስደው ቀጥተኛ መስመር በከፊል በሱዳን ሰማይ ላይ ያልፋል። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በዚያ አገር ጦርነት ፈንድቶ የአየር ክልሉ ሲዘጋ፣ አውሮፕላኖች ዙሪያ ጥምጥም ለመሄድ ተገደዱ።

ከዚህ የምንረዳው መሐንዲስ በብዙ ድካም ያሳጠረውን ጊዜ የሚጠብቀው ሰላም መሆኑን ነው። መንደርደሪያና ሞተር ሰዓትን ያሳጥራሉ፤ የተዘጋን ሰማይ ግን አይከፍቱም። የበረራ ጊዜ ስሌታችን ከዲግሪና ከኪሎ ሜትር በተጨማሪ የጎረቤትን ሁኔታ ማካተት ያለበትም ስለዚህ ነው።