የአንገት ሹራብ
የሱፍ ክር፤ በሁለት የሹራብ መርፌ በእጅ የተሠራ

አምቦ ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ከጀልዱና ከደንዲ ደጋ ለገበያ የሚወርድ ሰው ግን ከዚያ የበረታ ብርድ ያውቃል። ከጥቅምት እስከ ጥር ሰማዩ ጥርት ሲል ምድር የቀን ሙቀቷን ሌሊት ትለቃለች፤ በደጋው ንጋት ላይ ውርጭ ይጥላል። ጋቢና ቡልኮ ትከሻን ይሸፍናሉ፤ ጎንበስ ቀና ሲሉ ግን ከአንገት ይንሸራተታሉ። ይህ ሹራብ የተሠራው ለዚያች ክፍት ቦታ ነው።

ቀረብ ብለው ሸንተረሮቹን ይመልከቱ። መርፌው ላይ 96 ቀለበቶች ተጥለው፣ ሁለቱ በፊት ሁለቱ በጀርባ እየተሠሩ እስከ ዳር ይሄዳሉ፤ በመልሱም ያው ሸንተረር ይጠበቃል። በፊት የተሠሩት ወደ ውጭ ይወጣሉ፤ በጀርባ የተሠሩት ወደ ውስጥ ይሰረጉዳሉ። ስለዚህ ጭንቅላት ሲያልፍበት ይለጠጣል፣ አንገት ላይ ሲደርስ ይሰበሰባል። ሙቀቱን የሚጠብቀው በክሩና በሸንተረሮቹ መካከል የሚታፈነው አየር ነው። የሸማኔ ዕቃ ሳይኖር፣ በሁለት መርፌ ብቻ እንዲህ ያለ ጨርቅ መውጣቱ አድናቆት ይገባዋል።

ስፌቱ ከኋላ ነው። የላይኛው ጫፍ ላላ ተደርጎ መዘጋቱንም ያስተውሉ፤ ጠብቆ ቢሆን ኖሮ በጭንቅላት አያልፍም ነበር።